የአራተኛው ጠረጴዛ ዜና

አስቀድሞ ዜናው፣ እንደ ደንባችን፤
የሚያስለቅሰው ይቆይ፣ ይድረቅ ጃንጥላችን።

ማሞቂያው ተጠግኗል፣ ሁለት ወር ፈጅቶ፣
ባለሙያው ከቲዊን በስንት ልመና መጥቶ።
ጣሪያው ግን ያፈስሳል፣ በምዕራቡ ጥግ፤
ባልዲ አስቀምጠናል፣ ጠብታ ሲቆጥር ያመሻል ማይሪግ።
የሻይ መዋጮ ጨምሯል፣ ሃምሳ ፔንስ ብቻ፤
ብስኩቱ ያው የዴሊዝ ነው፣ የጥርስ ዘመቻ።
በኅዳር ከዶልጌላ ገጥመን ተሸነፍን፤
ምክንያት አላቀርብም። ጭጋግ ነበር። ደግሞም አንቀላፋን።

አዲስ አባል አለን፣ ቴጊድ ነው ስሙ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፤
የመጣበት ነገር አውቶቡስ አምልጦት፣ ዝናብ ነው ምክንያቱ።
"እስቲ ተቀመጥ" አልነው፣ አራተኛ ሰው አጥተን፤
ጦርን ከአበባ ሳይለይ ገብቶ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሁላችንን ገፈፈን።

(የቴጊድ እናት ጠይቃኛለች፤ ስለዚህ ለማያውቅ፦
በብሪጅ ፊት ለፊትህ ያለው ሰው ያንተ ነው።
የያዝከውን ሳታሳይ ልትነግረው
የተፈቀደልህ ቃል በጣት ይቆጠራል።
"አንድ ልብ" ትላለህ። እሱ "ሁለት ልብ" ይላል፣
ወይም "አለፍኩ" ብሎ ያርፋል።
ከሁለታችሁ አንዱ ሲጫወት ሌላው እጁን ይዘረጋል፣
ካርታውን ገልጦ፣ በተርታ ደርድሮ፣
ወዳጁ ሲሳሳት እያየ ይቀመጣል፣ ምላሱን አስሮ።)

እንግዲህ ሌላው።

ኤሊነድ ፕሮበርት፣ በየካቲት አጋማሽ፣ በዘጠና አንድ ዓመቷ
አለፈች።
ቃሉን ስጽፈው እስክሪብቶው ቆመብኝ።
ስንት ሺህ ጊዜ ከአፏ ሰምተነዋል፣
መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ እያወረደች፦ "አለፍኩ።"
ያን ጊዜ ግን ካርታው ይበወዝ ነበር፣
እንደገና ይታደል ነበር።

በወሽመጥ ዳር ኖረን፣ ነፋሱን ለምደነው፣
ወሽመጥ ሲቆረጥ ግን ያን ዕለት አየነው።

ሠላሳ አራት ዓመት ከዮርወርዝ ጋር
እሷ ሰሜን፣ እሱ ደቡብ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ።
ረቡዕ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቢገናኙ
እሱ ቆቡን ያነሣል፣ እሷ ስለ ንፋሱ ትናገራለች፤
በቃ፣ ይኸው ነው።

የእህቷ ልጅ ጉዌንሊያን በጫማ ካርቶን
አሥራ ዘጠኝ ደብተር አመጣችልኝ።
የየማክሰኞው ነጥብ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፤
በኅዳጉ አልፎ አልፎ ሁለት ቃል፦
"ዝም አልኩ።"
ከክለቡ መዝገብ ጋር ሳመሳክረው ገባኝ።
ዮርወርዝ ንጉሡን ያለቦታው የጣለባቸው፣
ጦሩን ቆጥሮ የሳተባቸው ምሽቶች ናቸው፤
እሷ እጇን ዘርግታ፣ እያወቀች።
አንድ ቀን ላይ ብቻ፣ ወንድሙ በባሕር በቀረ ሳምንት፣
አንድ ቃል ጨምራለች፦
"ዝም አልኩ። ያሸንፉን።"

ደብተሩን ለዮርወርዝ አሳየሁት።
መነጽሩን ፈለገ፤ ግንባሩ ላይ ነበር።
"አውቅ ነበር" አለኝ። "ስሳሳት ስኒዋን ታዞራለች።
እጀታው ወደ ግድግዳው ከዞረ አለቀልን ማለት ነው።"
ይህ በአንቀጽ ዘጠኝ በጥብቅ የተከለከለ ነው።
ሠላሳ አራት ዓመት! ቃለ ጉባኤው ላይ
አላሰፈርኩትም።

ባለፈው ማክሰኞ ቴጊድን በሰሜን አስቀመጥነው።
እኛም ሁለት ልብ ነበርን፣ ይቀመጥ አይቀመጥ እያልን፤
ወንበሩ ላይ ትራሷ አሁንም አለ።
ልጁ ካርታውን ሦስቴ ቆጠረ፣ ጆሮው ቀላ፣
"ሁለት ልብ" አለ።
ዮርወርዝ ቆየ። በጣም ቆየ።
ማይሪግ ጠብታውን መቁጠር ተወ።
ሽማግሌው ስኒውን አነሣ፣ እጀታውን ወደ ልጁ አዞረና
"ሦስት" አለ።

ከዶልጌላ ጋር የመልሱ ጨዋታ ሚያዝያ መጀመሪያ ነው።
ወተት የማምጣት ተራው የዴሊዝ ነው።
ማታ መጨረሻ የሚወጣ ሰው፣ እባካችሁ፣
ባልዲውን ይድፋ።